የቆየ የውሃ ወፍጮ ፍርስራሽንና የጡብ ድልድዩን ለመመዝገብ

ደሴና ኮምቦልቻ በከፍታ ከ500 ሜትር በላይ ይለያያሉ። የቦርከና ወንዝና ገባሮቹ በዚህ ቁልቁለት ሲወርዱ ወፍጮ ለማዞር የሚበቃ ጉልበት ስላላቸው፣ በአካባቢው የወፍጮ ቤት ፍርስራሽና ቦዩን የሚሻገር የጡብ ድልድይ ያጋጠመው ሰው ምዝገባውን ከግድግዳው ሳይሆን ከውሃው መንገድ ቢጀምር ይሻላል።

አመቺው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ውሃው ጎድሎ የድልድዩ እግር ይገለጣል። ውሃው ከወንዙ ከተጠለፈበት ቦታ ተነሥተው የቦዩን ዳር በእግር ይከተሉ። ቦዩ በደለል ቢሞላም በገደሉ ወገብ ላይ ጠፍጣፋ መስመር ትቶ ስለሚያልፍ፣ የጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው በግልጽ ይታያል። ከቦዩ ጫፍ እስከ መንኮራኩሩ ጉድጓድ ያለውን የከፍታ ልዩነት ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ በተሞላ የላስቲክ ቱቦ ይለኩ። በሰከንድ 50 ሊትር ውሃ 3 ሜትር ቢወድቅ ወደ 1.5 ኪሎዋት የሚጠጋ ኃይል ይኖረዋል፤ ከፊሉ በፍትጊያ ቢባክንም፣ ልኬቱ የወፍጮውን አቅም ለመገመት ያስችላል።

በግድግዳው ላይ ክብ የፍትጊያ ጭረት ካለ መንኮራኩሩ ቆሞ ይዞር እንደነበር ያመለክታል። ከወፍጮው ድንጋዮች ሥር ዝቅተኛ ባዶ ክፍል ብቻ ካለ ግን ምናልባት ተኝቶ የሚዞር፣ ድንጋዩንም ያለ ጥርሳም መዘውር በቀጥታ የሚያዞር ዓይነት ነው። ድንጋዩ ራሱ ብዙ ጊዜ ከቦታው ርቆ ይገኛል፤ እኔ ካየኋቸው አንዱ በመንደር ቤት ደጃፍ የልብስ ማጠቢያ ሆኖ፣ የተወቀረበት ፊቱ ግን ገና አልጠፋም ነበር።

በድልድዩ ላይ አንድ ጡብ ለክቶ መርካት ስሕተት ነው። በእጅ የተሠራ ጡብ አንዱ ከሌላው ስለሚለይ የ10 ጡቦችን ርዝመት፣ ወርድና ውፍረት፣ እንዲሁም የ10 ረድፍ ጠቅላላ ቁመት ይለኩ። ከቅስቱ እግር እስከ እግር ገመድ ወጥረው ስፋቱን፣ ከገመዱ መካከል እስከ ቅስቱ ሆድ ደግሞ ቁመቱን ይመዝግቡ፤ ስፋቱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ቢሆን፣ ቅስቱ የክብ ቁራጭ እስከሆነ ድረስ፣ የክቡ ራዲየስ 2.5 ሜትር ነው። በጡቦቹ መካከል ያለው ማያያዣ ነጣ ያለና በምስማር የሚፋቅ ከሆነ ኖራ ሊሆን ይችላል፤ ግራጫና ጠንካራው ሲሚንቶ ሲሆን፣ ኖራ ባለበት ድልድይ ላይ ብዙ ጊዜ የኋላ ዘመን ጥገና ነው። የሁለቱን ወሰን በንድፉ ላይ ያስምሩ፤ ሲሚንቶ እርጥበትን ስለሚያፍን ውሃው በጡቡ በኩል ይወጣል፣ የጡቡም ፊት እየተላጠ ይረግፋል።

ከስንጥቁ የበቀለ የሾላ ችግኝ ቢያዩ አይንቀሉ፤ ሥሩ ሲመዘዝ ጡቡን ይዞ ይወጣል። ጥገናውንም በራስዎ አይሞክሩ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ለመጠገን አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። የልኬቱን አንድ ቅጂ ለከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ሌላውን ለመሬቱ ባለይዞታ ይስጡ።