ሰው አገር ልጅ እያሳደጋችሁ እህቶቻችሁ ሲመጡ፦ ከዝግጅቱ እስከ ስንብቱ

ሁለቱ እህቶቼ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ልጄ 11 ወሯ ነበር። ቆይታቸው 3 ሳምንት ነው። ገና ትኬት መቁረጣቸውን ስሰማ መጋረጃ አውርጄ ማጠብ ጀመርኩ። ለየቀኑ የምናየው ቦታ ዝርዝር አወጣሁ። ሌሊት ልጅ አጠባለሁ፣ ቀን ቤት አሰናዳለሁ። እነሱ ሲደርሱ እኔ አልቄ ነበር። በአራተኛው ቀን ታላቅ እህቴ የማጥበውን ሳህን ከእጄ ወሰደችና "እኛ እኮ እንግዳ አይደለንም፤ ቁጭ በይ" አለችኝ። ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያች ቀን የመጣ ነው። እህቶቻችሁን እንግዳ አታድርጓቸው። ከተራው ቀናችሁ ውስጥ አስገቧቸው። እንዴት እንደሚሆን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ ለምን እንደሚመጡ ተነጋገሩ

ሊያግዟችሁ ነው ወይስ ናፍቆት ሊወጡ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ግን የሚያመዝነውን እወቁ። አራስ ከሆናችሁ ወይም ወደ ሥራ ልትመለሱ ከሆነ ተራ በተራ ቢመጡ ይሻላል። አንዷ ስትመለስ ሌላዋ ትተካለች፣ እገዛው ይረዝማል። ናፍቆት ከሆነ ግን አብረው ይምጡ። እህትማማች አንድ ክፍል ውስጥ ሲሰበሰብ የሚመጣው ሳቅ ለየብቻ አይገኝም።

የልጁን ዕድሜም አስቡት። ብዙ ሕፃናት ከ6 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ሰው መለየት ይጀምራሉ። የማያውቁት ፊት ሲቀርባቸው ያለቅሳሉ፣ እናታቸው ላይ ይለጠፋሉ። ይህ ጤናማ ዕድገት ነው። በዚህ ዕድሜ አይምጡ ማለቴ አይደለም፤ ጊዜ ይኑራቸው ነው የምለው። ከተቻለ ከ2 ሳምንት አታሳጥሩት። የመጀመሪያው ሳምንት በጉዞ ድካምና በመላመድ ያልቃል።

2. ወረቀቱን ቀድማችሁ ጀምሩ

ብዙ አገሮች ፓስፖርት ለተጨማሪ 6 ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ የሁለቱንም ፓስፖርት ቀን እዩ። የግብዣ ደብዳቤ፣ የባንክ ማስረጃ፣ ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ የሚያሳይ የሥራ ወይም የቤተሰብ ማስረጃ በአብዛኛው ይፈለጋል። ቪዛው እጅ ሳይገባ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አትግዙ። የጉዞ የጤና ኢንሹራንስም ይግቡ፤ ሰው አገር ያለ ኢንሹራንስ መታመም ከባድ ነው።

ማንም ቀድሞ የማያነሳው አንድ ጥያቄ አለ። ለአንዷ ተፈቅዶ ሌላዋ ብትከለከልስ? ብቻዋን ትመጣለች ወይስ ሁለቱም ይጠብቃሉ? መልሱን ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ተስማሙበት። በኋላ ከሆነ ቅያሜ ይተርፋል።

3. ጤናቸውን አስቡበት፣ በተለይ ልጁ ጨቅላ ከሆነ

ትክትክ ለትልቅ ሰው ረጅም ሳል ብቻ ሊሆን ይችላል። ለጨቅላ ሕፃን ግን ለሕይወት ያሰጋል። እህቶቻችሁ የትክትክና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ማግኘት ከቻሉ ልጁን ከማግኘታቸው ቢያንስ 2 ሳምንት አስቀድመው ይከተቡ። ክትባቱ ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋል።

ስለ ምችም ንገሯቸው። ከንፈሯ ላይ ምች የወጣባት ሰው ጨቅላ ልጅ መሳም የለባትም። በትልቅ ሰው ከንፈር ላይ በራሱ የሚድነው ቁስል አራስ ልጅን ክፉኛ ሊያሳምም ይችላል። ይህን መናገር ያሳፍራል። ቢሆንም ተናገሩት።

4. ልጁ ድምፃቸውን ለምዶ ይቆይ

ከመምጣታቸው አንድ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በቪዲዮ መደወል ይጀምሩ። 5 ደቂቃ ይበቃል። በተቻለ መጠን በተመሳሳይ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ሰላምታ፣ አንድ መዝሙር ይዘው ይደውሉ። ሕፃን ልጅ ተደጋጋሚ ነገር ይወዳል። የትንሿ እህቴ ሰላምታ እጇን በፊቷ ላይ አድርጋ ድንገት መግለጥ ነበር። ልጄ ገና ስልኩ ሲጮህ መሳቅ ጀምራ ነበር።

ፎቷቸውን ደግሞ ልጁ በሚያየው ከፍታ ለጥፉ። ለእናንተ ሳይሆን ለእሱ። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በሚድህበት መንገድ ላይ።

5. የልጁን አያያዝ ከመምጣታቸው በፊት አውሩ

ትልቁ ጣጣ ያለው እዚህ ጋ ነው። ጭቅጭቁ ሁሌም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጀምራል፦ "እኛስ እንዴት አደግን?" እህቶቻችሁ ወልደው አሳድገው ይሆናል። ከእናንተ የበለጠ ልጅ ይዘው ይሆናል። እናንተ ደግሞ ብቻችሁን ተጨንቃችሁ ከሐኪም የተማራችሁት ነገር አለ። ሁለቱ ልጁ ፊት ሲጋጩ ማንም አያሸንፍም።

ስለዚህ በስልክ፣ በሰላሙ ጊዜ ንገሯቸው። ዝርዝሩ አጭር ይሁን። በሁሉም ነገር ከተከራከራችሁ ዋናው ነገር ይጠፋል። እኔ የማልደራደርባቸው እነዚህ ነበሩ። ሕፃን በጀርባው ነው የሚተኛው፤ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ትራስና የሚሸፍን ልብስ ሳይኖር። አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ ማር አይቀምስም፤ አንጀቱ ገና ስላልጠነከረ ማር ውስጥ ያለ ጀርም ሊመርዘው ይችላል። ከ6 ወር በታች ከሆነ ከጡት ወይም ከሕፃናት ወተት በቀር ውሃም አያስፈልገውም። መኪና ውስጥ ደግሞ በራሱ መቀመጫ ታስሮ እንጂ በእቅፍ አይሄድም፤ መንገዱ ቅርብ ነው ቢባልም።

ይህን የመጨረሻውን እህቶች ጭካኔ ያስመስሉታል፤ ልጁ እያለቀሰ ነዋ። ምክንያቱን አስረዱ። መኪና በድንገት ሲጋጭ ልጁ ወደ ፊት የሚወረወርበት ኃይል ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ የማንም ክንድ አይችለውም። ምክንያት የሰማ ሰው አይቀየምም። "አታድርጊ" ብቻ የተባለ ግን ይቀየማል። በብዙ አገሮች ልጅን ያለ መቀመጫ በመኪና መውሰድ፣ ወይም ቤት ብቻውን መተው በሕግ እንደሚያስጠይቅም ይወቁ።

በቀረው ነገር ግን ልቀቁ። ቢያዝሉት፣ ከሰዓቱ አሳልፈው ቢያጫውቱት ልጁ አይጎዳም።

6. ሻንጣና ቦርሳ ከወለል ይነሱ

ይህን ከሰላምታው ቀጥሎ አድርጉት። እኔ አላደረግኩም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት የእህቴ የእጅ ቦርሳ ሶፋው ሥር ክፍት ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ዞር ብዬ ሳይ ልጄ የደም ግፊት ክኒን ከነማሸጊያው ይዛ በድድዋ እያኘከች ነው። ማሸጊያው አልተቀደደም። እህቴ ግን ቀኑን ሙሉ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መንገደኛ መድኃኒት ይይዛል። የሕፃን ልጅ ቤት ውስጥ የማትኖር ሴት ደግሞ ቦርሳዋን ወለል ላይ ማስቀመጥ ልማዷ ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ቤቱን የምናውቀው እኛ ነን። ቁልፍ ያለው ወይም ከፍ ያለ ቁም ሳጥን ባዶ አድርጋችሁ ጠብቋቸው። ክኒን፣ ሳንቲም፣ የጆሮ ጌጥ፣ ክብ ትንንሽ ባትሪ ሁሉ እዚያ ይግባ።

7. መጀመሪያ ልጁን አትስጧቸው

በር ላይ እህት እጇን ዘርግታ ትመጣለች። ወራት ሙሉ የናፈቀችው ልጅ ነው። ልጁ ግን ያን ፊት ያየው መዳፍ በምታህል ስልክ ላይ ነው፤ አሁን ትልቅ ሆኖ፣ ሽታ ይዞ፣ ድምፁ ጨምሮ መጣበት።

እቅፋችሁ ውስጥ ይቆይ። እህቶቻችሁ ወለል ላይ ይቀመጡ፣ ከእናንተ ጋር ያውሩ፣ ልጁን ትኩር ብለው አይዩት። የኔ ልጅ አንገቴ ሥር ተወሽቃ ግማሽ ሰዓት ያህል በአንድ ዓይኗ ሰለለቻቸው። ከዚያ ወረደች። በእንብርክኳ ሄዳ የታላቅ እህቴን ሻርፕ ጫፍ ያዘች፣ ወደ አፏ ወሰደችው፣ ቀና ብላ አየቻት። እህቴ እስትንፋሷን ይዛ ነበር። መተቃቀፉ በማግስቱ መጣ።

8. ለእያንዳንዷ አንድ ሙሉ ሥራ ስጡ

"ምን ላግዝሽ?" ሲሏችሁ "ምንም" አትበሉ። ቁርጥራጭ ሥራም አትስጡ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእሷ የሆነ አንድ ነገር ይኑራት። ታላቅ እህቴ የማታ ገላ እጥበቱን ወሰደች። ውሃውን ትቀዳለች፣ ክርኗን ነክራ ትለካለች፣ "ውሃው ሞቋል?" ብላ ልጄን ትጠይቃለች፣ ልጄም የገንዳውን ጠርዝ በመዳፏ ትመታለች። እኔ እዚያ ክፍል አልገባም ነበር። የመጀመሪያ ቀን በር ላይ ቆሜ መመሪያ ስሰጥ "ሂጂ ተኚ" ተባልኩ።

ትንሿ እህቴ ደግሞ ንጋቱን ያዘች። የሰዓት ልዩነቱ አመቻችቶላታል። ሰውነት አንድ ሰዓት ልዩነት ለመልመድ አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። ወደ ምዕራብ የበረረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ገና ሳይነጋ ይነቃል። እሷም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ዓይኗ ይፈጣል፤ ልጄም ማልዳ ትነሳለች። ሁለቱ ጨለማ ሳሎን ውስጥ ሲያወጉ እየሰማሁ መልሼ እተኛለሁ። ልጄ ከተወለደች ወዲህ እንደዚያ ሳምንት ተኝቼ አላውቅም። ወደ ምሥራቅ ከበረሩ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላቸዋል፣ ጠዋት አትቀስቅሷቸው።

ልጁን ይዘው ብቻቸውን መውጣት እንዲችሉም አድርጉ። ጋሪው እንዴት እንደሚታጠፍና ፍሬኑ የት እንዳለ፣ በሩ እንዴት እንደሚቆለፍ፣ የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ አሳዩ። አድራሻችሁንና ስልካችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ ክተቱ፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። የቅርቡን መናፈሻ መንገድ ሁለት ጊዜ አብራችሁ ሂዱ፣ በሦስተኛው እነሱ ይምሯችሁ። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው አራት ግድግዳ ውስጥ ሲውል ቶሎ ይከፋዋል። ያለ ልጅና ያለ ሥራ ሆነው የሚወጡበት የራሳቸው ቀንም ይኑራቸው።

9. "ልጅቷ ከስታለች" ሲሉ

ይላሉ። "አንቺም ከስተሻል" ይጨምራሉ። ነቀፋ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ርቀው የከረሙበትን ጭንቀት ነው የሚያወጡት። እኔ የረዳኝ መልስ "ክብደቷ በየጊዜው ይለካል፣ ደህና ነች፤ እኔን ግን አግዙኝ" የሚለው ነው። የድሮ የቤት ጠብ ከተነሳ ደግሞ ልጁ እስኪተኛ አቆዩት። የትዳር አጋራችሁንም አትርሱ፤ የቤቱ ወሬ ሁሉ በማያውቀው ቋንቋ ከሆነ በየመሃሉ ንገሩት።

10. ቋንቋውን ይዘሩበት

ሰው አገር የሚያድግ ልጅ የእናቱን ቋንቋ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰው ብቻ ነው። እህቶች ሲመጡ ያ ቋንቋ በአንዴ ሦስት ድምፅ ያገኛል። ልጁ ሰው ሲመላለስበት፣ ሲቀላለድበት፣ ሲከራከርበት ይሰማል። ከቴሌቪዥን ይህን አያገኝም። ስለዚህ ለልጁ ብላችሁ ቋንቋ አትቀይሩ። ከፍ ያለ ልጅ በሌላ ቋንቋ ቢመልስላቸው እህቶች አይዘኑ፤ መስማት ከመናገር ይቀድማል። በራሳቸው ቋንቋ ይቀጥሉ። ከመሄዳቸው በፊት እያንዳንዷ ሁለት ሦስት ተረት በስልክ ትቅረጽላችሁ።

11. ስንብቱን አትደብቁ

ልጁ ተኝቶ ሳለ ሹልክ ብሎ መሄድ ቀላል ይመስላል። ልጁ ግን ነቅቶ ይፈልጋቸዋል። የሚሰማ ልጅ ከሆነ ከ3 ቀን በፊት ንገሩት፤ "ሦስት ጊዜ ተኝተን ስንነሳ ይሄዳሉ" በሉት። ሕፃን ከሆነም ነቅቶ ይሳሟቸው፣ እጁን ያውለብልብ። ያለቅስ ይሆናል። አልቅሶ መሸኘት ፈልጎ ከማጣት ይሻላል። ለራሳችሁም በማግስቱ ሥራ አትያዙ።

የሚቀጥለውን ስልክ ቀንና ሰዓት ቤት ሳይለቁ ወስኑ። እኛ እሑድ ማታ አልን። እሑድ ደርሶ ታላቅ እህቴ ስትደውል ልጄ ስክሪኑን አንዴ አየችና ጥላኝ በእንብርክኳ ወጣች። ስልኩን ይዤ ተከተልኳት። መታጠቢያ ክፍል ገብታ የባዶውን ገንዳ ጠርዝ በመዳፏ ትመታ ነበር። እህቴ በስልክ ውስጥ ሆና "ውሃው ሞቋል?" አለቻት።