ግዙፍ ፕሮቲን ስትመዝኑ ማልዲ-ቶፉ ዝም ካላችሁ

ማልዲ-ቶፍ ሞለኪውልን በሌዘር አስነስቶ ከበረራ ጊዜው ክብደቱን የሚያወጣ ማሽን ነው። ትንሹ ፕሮቲን ኢንሱሊን ላይ ቆንጆ ፒክ (የምልክት ጫፍ) ያወጣ ማሽን ግዙፉን አንቲቦዲ ስትሰጡት ዝም ይላል። ያኔ እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሌዘሩ ነው። ተዉት! ሌዘር በጨመራችሁ ቁጥር ፕሮቲኑ ይሰባበራል፣ ፒኩም ይሰፋል።

ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ዲቴክተሩ ጋ ነው። የተለመደው ዲቴክተር፣ ማይክሮቻነል ፕሌት (ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ሳህን)፣ አዮኑ (ቻርጅ የያዘው ሞለኪውል) መጥቶ ሲመታው ኤሌክትሮን ይወጣና ያ ነው የሚባዛው፤ ኤሌክትሮን የሚያስወጣው ደግሞ በዋናነት ፍጥነት ነው። በ20 ኪሎቮልት የተገፋ ኢንሱሊን በሰከንድ ወደ 26 ኪሎሜትር ይበራል፣ 150,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) የሚመዝን አንቲቦዲ ግን በዚያው ቮልቴጅ 5 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ። ቀስ ብሎ ስለሚደርስ አብዛኛው ምልክት ሳይሰጥ ያልፋል።

ይህ መሆኑን ለማወቅ 75,000 አካባቢ እዩ። ማሽኑ የሚያሳየው ክብደት ለቻርጅ ተካፍሎ ስለሆነ እዚያ የምታገኙት ሁለት ቻርጅ ያለው ያው አንቲቦዲ ነው፣ ፍጥነቱም ይሻላል። እሱ ጎልቶ 150,000 ላይ ያለው ከደበዘዘ ዲቴክተሩን ጠርጥሩ።

እኔ መጀመሪያ የምነካው ቀላል አዮኖችን የሚያስወግደውን ጌት ነው፣ ብዙ ሰው የሚረሳውም እሱን ነው። የማትሪክስ (ከናሙናው ጋር የሚቀላቀለው፣ የሌዘሩን ጉልበት የሚቀበለው ኬሚካል) አዮኖች ቀድመው ይደርሱና የፕሌቱን ቀዳዳዎች ቻርጅ ይጨርሱታል፤ ቀዳዳዎቹ እስኪሞሉ ደግሞ ሚሊሰከንዶች ይፈጃል፣ ፕሮቲናችሁ ግን ያን ያህል አይጠብቅም። ለአንቲቦዲ ከ10,000 በታች ያለውን ሁሉ ቁረጡ።

ከዚያ ማሽናችሁ ከዲቴክተሩ ፊት ተጨማሪ ማፋጠኛ ቮልቴጅ ወይም ኮንቨርዥን ዳይኖድ (ከባድ አዮን ሲመታው ለዲቴክተሩ የሚቀሉ ቅንጣቶችን የሚያወጣ ሳህን) ካለው ተጠቀሙበት። ፒኩ ትንሽ ይሰፋል፣ ግን ከማጣት ይሻላል። ሞዱን ሊኒየር (አዮኑ ቀጥ ብሎ የሚበርበት) አድርጉት፣ በሪፍሌክትሮን (አዮኑ በመንገዱ ላይ ወደኋላ የሚመለስበት) ይህን ያህል ግዙፍ ነገር አትሞክሩ።

የዲቴክተሩን ቮልቴጅ በ25 ወይም በ50 ቮልት ደረጃ በደረጃ ጨምሩ። የምታዩት የፒኩን ቁመት ብቻ ሳይሆን ከኖይዙ ጋር ያለውን ልዩነት ነው። ኖይዙ በልጦ ማደግ ሲጀምር አንድ ደረጃ ወደኋላ ተመለሱ፣ ፕሌቱ ከፍ ባለ ቮልቴጅ ቶሎ ያረጃል።

ናሙናውስ? ጨውና ዲተርጀንት ካለበት ከላይ ያልኩት ሁሉ ብዙም አይጠቅማችሁም። አጥሩት፣ ሲናፒኒክ አሲድን ማትሪክስ አድርጋችሁ አዘጋጁት። ከአንቲቦዲው በፊት ደግሞ 66,430 ዳልተን የሚመዝነውን የላም አልቡሚን አስነሱ፤ እሱ ካልታየ ወደ 150,000 አትሂዱ።