ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሰሜን ሸዋ ለመኖር፦ ጓዝ ከመጫን በፊትና በኋላ

ከአያት ኮንዶሚኒየም ጓዜን ጠቅልዬ ደብረ ብርሃን ከገባሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ሥራ አላጣም። አከራይ ኪራይ የጨመረበት፣ ሰፈሩ የፈረሰበት፣ ታክሲ ሰልፍ ያንገሸገሸው ወዳጅ ሁሉ ይደውላል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «እዚያ ቤት ኪራይ ስንት ነው?»

ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ቦታው ግን መጀመሪያ ላይ አይደለም። ለኪራይ ሲል ብቻ የወጣ ሰው በስድስት ወሩ እቃውን መልሶ ሲጭን አይቻለሁ። የቆዩት ሰው ያገኙት ናቸው። ስለዚህ በእኔ ቅደም ተከተል ኪራይ አምስተኛ ነው። ከአንደኛው እንጀምር።

1. ከፍታ ምረጡ

ሰሜን ሸዋ ሲባል አንድ ዓይነት አገር አይምሰላችሁ። በመጀመሪያ ደረጃ ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ራሱ ሁለት ነው። የአማራ ክልሉ መቀመጫ ደብረ ብርሃን ነው፤ የኦሮሚያው ፍቼ። ወረቀት ስታስጨርሱ ይህ ለውጥ አለው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ስትወጡ መንገድ ላይ የምታልፏት ሸኖ ለምሳሌ በኦሮሚያው ውስጥ ናት። እኔ የማወራው ስለ አማራ ክልሉ ነው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ከፍታው ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ከተማዋን የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው ይባላል። ብርዱን ግን ማንም ቀድሞ የነገራቸው አይመስለኝም። ከዚያ ወደ ሰሜን ስትቀጥሉ ጣርማ በር አለ፤ ጉም የማይለየው ጫፍ ነው። በጣሊያን ጊዜ የተሠራውን ዋሻ አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ደብረ ሲና ትደርሳላችሁ። ከዚያም ይበልጥ ዝቅ ስትሉ ደግሞ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ። በአንድ ቀን ጉዞ ጋቢ አውልቃችሁ በቲሸርት ትውላላችሁ። ሸዋ ሮቢት ሽንኩርቱና ማሾው ጥሩ ነው፤ ወባውም የዚያኑ ያህል አለ። አጎበር ሳትይዙ አትሂዱ።

መንዝ ሌላ ነው፦ በግ፣ ገብስ፣ ባና፣ ብርድ። ከደብረ ብርሃን ይብሳል። ምንጃር ደግሞ የጤፍና የሽምብራ አገር ነው። ወደ ከተማው ወደ አረርቲ የሚወስዳችሁ መንገድም በሞጆ በኩል እንጂ በደብረ ብርሃን አይደለም። አስም ወይም ሳይነስ ያለበት፣ ደም ግፊት ያለባቸው ወላጆች የያዘ ሰው፣ ከፍታ ከመምረጡ በፊት ሐኪሙን ያናግር። ኪራይ በርክሶ ኢንሄለር ቢወደድ ምን ዋጋ አለው።

2. ኅዳር ላይ ሞክሩት

ብዙ ሰው አገር የሚያየው በመስከረም ነው። አደይ አበባ ፈክቶ፣ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ፣ ፎቶ ተነሥቶ «እዚህ ነው መኖር» ይላል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ኅዳር ሲገባ ውርጩ ወረደ። ጠዋት ቧንቧ ስከፍት ጠብ የሚል የለም። ውሃ የጠፋ መስሎኝ ጎረቤቴን እትዬን ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። «ፀሐይ ይውጣና ይመጣል ልጄ፣ ተኝቶ ነው» አሉኝ። ቧንቧው ውስጥ በረዶ ሠርቶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ በባልዲ ሞልቼ ማእድ ቤት አስገባለሁ።

ስለዚህ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሁለት ሳምንት ክፍል ተከራይታችሁ ኑሩ። ሆቴል አይሆንም፣ ሆቴል ሙቅ ውሃ አለው። እንደ ነዋሪ ገበያ ውጡ፣ አብስሉ፣ ልብስ እጠቡ። ውሃ በተራ የሚመጣ ከሆነ በየስንት ቀኑ እንደሆነ ጻፉ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ያዙ። ሌሊት ላይ አንድ ሰው ቢታመም በምን ታደርሱታላችሁ? ደብረ ብርሃን ትልቅ ሆስፒታል አለው፤ መርሐቤቴ ባለችው ዓለም ከተማም «እናት» የሚባል ሆስፒታል አለ። ከእነዚህ ራቅ ያለ ቀበሌ ካሰባችሁ ግን መንገዱን ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩት፣ በሐምሌም ጭምር። ጥቁር አፈር ያለበት አገር ክረምት ላይ መኪና አይደለም እግርም ይይዛል።

3. ገቢያችሁን ከቦታው ጋር አጋቡ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ከተማ ለቅቆ መውጣት ወጪ ይቀንሳል፤ ገቢ ግን ከወጪ ቀድሞ ሊቀንስ ይችላል።

በኢንተርኔት የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በተነሣው ግጭት የሞባይል ዳታ በክልሉ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ፋይል ለመላክ ብቻ አዲስ አበባ የሚመላለሱ ልጆች አውቃለሁ። አሠሪያችሁን «ኔት ለአንድ ሳምንት ቢጠፋስ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁት። መልሱ ፊቱ ላይ ይታያል።

ተቀጣሪ ለመሆን ካሰባችሁ ደብረ ብርሃን ከድሮው ብርድ ልብስ ፋብሪካ ጀምሮ የፋብሪካ ከተማ ናት። ቢራ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ። ግን ሥራውን ሳትይዙ ቤት አትልቀቁ። ካፌ ልክፈት የምትሉ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ አንድ ጊዜ አደባባዩን ዙሩ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ካፌ ነው። ይልቅ መናኸሪያ ቆማችሁ ሰው ከአዲስ አበባ ምን ተሸክሞ እንደሚወርድ እዩ። የመኪና እቃ ነው? የስልክ ስክሪን ነው? የልጅ መድኃኒት ነው? እዚህ የጎደለው እሱ ነው።

ከብት ርቢና ዶሮ የሚያስቡ ብዙ ናቸው፤ ዩቲዩብ ነው ያሳበዳቸው። እኔንም አሳብዶኛል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ መቶ የአንድ ቀን ጫጩት ገዛሁ። አምፖል አበራሁላቸው፣ ካርቶን ደረደርኩላቸው። ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት ስደርስ ተጠጋግተው ደርቀዋል። ሰባት ቀሩ። ያገሬው ሰው የ45 ቀን ጫጩት የሚገዛው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ወደዱም ጠሉም ላባ አብቅለዋል፣ ብርዱን ይችሉታል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ጠዋት ተነሥቶ ያዩታል።

በግ ማድለብ ይሻላል እላለሁ፤ በተለይ ከገና፣ ከፋሲካና ከእንቁጣጣሽ ሦስት ወር ያህል ቀድሞ የሚጀምር ሰው። ግን መኖውን አስቡ። ገለባ በመኸር ርካሽ ነው፣ ግንቦት ላይ ወርቅ ይሆናል። የምታስቀምጡበት ደረቅ ቦታ ከሌላችሁ ትርፉን ለገለባ ነጋዴ ትሰጣላችሁ።

4. ስለ መንገዱና ስለ ሰላሙ በግልጽ ጠይቁ

ይህን ዘልዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ግጭቱ ባለባቸው ጊዜያት መንገድ ይዘጋል። አንዳንዱ ወረዳ ሰላም ሲሆን ጎረቤቱ አይሆንም። ደብረ ብርሃን ራሷ ከወለጋና ከሌላም ቦታ የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖችን ተቀብላለች፤ ይህንን ስታዩ «ጸጥ ያለ ከተማ» የሚለው ወሬ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ይገባችኋል።

ከፌስቡክ አትጠይቁ። ላምበረት መናኸሪያ ሂዱና ሹፌሮችን ጠይቁ። «ባለፈው ወር ስንት ቀን ቆማችሁ? በስንት ሰዓት ነው የመጨረሻው መኪና የሚወጣው?» በሉ። ኑሮው ጎማው ላይ የሆነ ሰው አያጋንንም፣ አያሳንስምም። የምትሄዱበት ገጠር ቀበሌ ከሆነ ደግሞ እዚያ የሚኖር ሰው ሳታናግሩ አትወስኑ። የሚያናግራችሁ ሰው ከሌለ ያው መልሱ ነው፣ ለጊዜው ዞን ከተማዋ ላይ ቆዩ።

5. ተከራዩ፣ አትግዙ

እንግዲህ ኪራይ። ቢያንስ አንድ ዓመት ተከራይታችሁ ኑሩ። ደላላው «ከዚህ በኋላ አታገኙትም» ይላል። ታገኙታላችሁ።

ቤቱን ስታዩ ወለሉን ሳይሆን ላዩን ተመልከቱ። ኮርኒስ ከሌለው ሌሊት ቆርቆሮው ብርዱን እላያችሁ ላይ ያፈስሰዋል። በጭድ በደንብ የተመረገ ጭቃ ቤት ካልተለሰነ ብሎኬት ይሞቃል፤ ያገር ሰው ያውቀዋል፣ ከተሜ ግን ብሎኬት ሲያይ ይስቃል። ነፋሱ የሚመጣበት አቅጣጫ መስኮት ካለ በጊዜ ጠይቁ። የራሱ ቆጣሪ አለው ወይ? ሮቶ አለ ወይ? በሩ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው? በነገራችን ላይ ፍሪጅ ተሸክሜ መጥቼ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ነቅዬ የአልጋ ልብስ አስቀምጥበታለሁ።

ውሉን በጽሑፍ አድርጉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲጸና፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራበት የሚወስኑት ክልሎች ስለሆኑ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ከተማ አስተዳደሩን ጠይቁ። ለቅቃችሁ ለመውጣት ስንት ጊዜ ቀድማችሁ እንደምታሳውቁም ይጻፍ።

አሁን የምነግራችሁን ደግሞ አስምሩበት። ገጠር ውስጥ «መሬት ልሽጥላችሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቡናውን ጠጥታችሁ ተነሡ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ደብተር ያለው የመጠቀም መብት ነው። እማኝ ተቀምጦ፣ ጣት ተነክሮ፣ ወረቀት ተጽፎ ገንዘብ የሰጠ ሰው አውቃለሁ፤ ከሻጩ ልጆች ጋር ፍርድ ቤት ከርሞ ባዶ እጁን ነው የወጣው። ማረስ ከፈለጋችሁ መሬት በውል ተከራዩና ውሉን ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። ወይም ከገበሬ ጋር በእኩል ተዋዋሉ፤ ዘርና ማዳበሪያ ከእናንተ፣ በሬና ጉልበት ከሱ። እኔ ይሄኛውን ነው የምመርጠው። አንድ ክረምት ከገበሬ ጋር የዋለ ሰው ስለ መሬቱ ከደላላ የማይሰማውን ይሰማል።

6. ወረቀት

ከቀበሌ ወይም ከወረዳችሁ መሸኛ አውጡ። ያለ መሸኛ አዲስ መታወቂያ ማውጣት ፍዳ ነው፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ ሌላው ሁሉ ይቆማል። የፋይዳ ቁጥራችሁን አብራችሁ ያዙ። ልጅ ካላችሁ ዓመቱ ሳያልቅ አታንሱት፤ የክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ መጻሕፍት ከአዲስ አበባው ይለያሉ፣ በተለይ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ልጅ ፈተና ላይ ይቸገራል። ክረምት ላይ ትምህርት ቤቱን አናግሩ፣ በነሐሴ አስመዝግቡ። የጤና መድን መመዝገቢያ ወቅት አለውና እሱንም እንደደረሳችሁ ቀበሌ ጠይቁ።

እቃ መጫኑን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። አይሱዙው ሸራ ይኑረው፣ ጠዋት ውጡ፣ ጫኝና አውራጁን ዋጋ ሳትቆርጡ አታስነኩ።

7. እድር ግቡ

ገብቼ አራት ወር ድረስ ቤቴን ዘግቼ እውል ነበር። ሰላምታ እሰጣለሁ፣ አልፋለሁ። አንድ ማለዳ ጥሩምባ ተነፋ። እኔ ተኝቻለሁ። ከሦስተኛው ቤት አንድ አዛውንት አርፈው ነበር። በነጋታው ሱቅ ስሄድ ባለ ሱቁ ዳቦውን ሰጠኝ፣ ወሬ አልጨመረም። እትዬ ናቸው በኋላ ጠርተው የነገሩኝ፦ «ልጄ፣ እዚህ ሰው ብድር ይረሳል፣ ቀብር ግን አይረሳም።»

እናንተ አራት ወር አትጠብቁ። በገባችሁበት ሳምንት የሰፈሩን እድር ዳኛ ጠይቁ። የመግቢያው ገንዘብ ሊበዛ ይችላል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ሁሉ የተገዛው በነባሮቹ መዋጮ ስለሆነ አዲስ ገቢ ድርሻውን ይከፍላል። አትከራከሩ። የአዲስ አበባውን እድራችሁን ግን ቢያንስ አንድ ዓመት አትተዉ፤ ወላጆቻችሁ እዚያ ካሉ ጨርሶ አትተዉ።

መክፈል ግን ትንሹ ነው። ጥሩምባ ሲነፋ መነሣት ነው ሥራው። ወንድ ከሆናችሁ ድንኳን ሲተከል ገመድ ያዙ፣ ባትችሉም ያዙ። ሴት ከሆናችሁ ውሃና እንጨት ወዳለበት ሂዱና «ምን ልያዝ?» በሉ። እንጀራ መጋገር ባትችሉ ድፎ ዳቦ ገዝታችሁ ግቡ። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ፣ ተቀመጡ፣ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉት።

ባለፈው ጥር ውርጩ የቧንቧዬን መጋጠሚያ ሰነጠቀው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ግቢው ኩሬ ሆነ። ለሠራተኛ አልደወልኩም። ባለ ሱቁ ነው በጋቢው ላይ ባትሪ ይዞ አጥር ዘልሎ የመጣው፤ መዝጊያው የት እንዳለ ከእኔ ይበልጥ ያውቅ ነበር።