በኢንተርኔት የጻፉት ነገር «ይውረድ» ሲባል ምን ማድረግ ይገባል?

ደሴ ውስጥ በምኖርበት ሰፈር የቧንቧ ውሃ ለሦስት ሳምንት በጠፋበት ወቅት፣ ቦኖው ፊት ተሰልፈው የዋሉትን ቢጫ ጀሪካኖች ፎቶ አንስቼ ከአጭር ጽሑፍ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፌ ነበር። በማግስቱ አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ደውሎ «ወንድሜ፣ ያንን ነገር ብታወርደው ይሻልሃል» አለኝ። ማን እንዳዘዘው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም፤ ደንግጬ አጠፋሁት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንድም ቅጂ ሳላስቀር ማጥፋቴ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው በመረጠው የማሠራጫ ዘዴ መረጃና ሐሳብ የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሠራጨት ነጻነት እንዳለው ይደነግጋል፤ ቅድመ ምርመራንም በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። ገደብ የሚጣለው በሕግ ብቻ ሲሆን፣ ያም ሕግ ቢሆን ሐሳቡን በአስተሳሰባዊ ይዘቱ ምክንያት ሊገታው እንደማይገባ ያው አንቀጽ ያስቀምጣል። ይህን አንቀጽ ስልክ ላይ አስቀምጦ መያዝ ጥሩ ነው።

ቀጥሎ፣ ጽሑፉ ራሱ ቢመረመር ጸንቶ የሚቆም መሆን አለበት። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በእስራት ወይም በገንዘብ ያስቀጣል፤ ሐሰተኛ መረጃው የተሠራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ስለዚህ «አየሁ» እና «ሰማሁ» መለየት አለባቸው። ለዚህ በሰሜን ወሎ ካለችው ከራያ ቆቦ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. አንድ ሰው በአማርኛ በጻፈው የፌስቡክ ጽሑፍ፣ ስማቸው ያልተጠቀሰ ዘገባዎችንና በቦታው ያሉ ሰዎችን ምንጭ አድርጎ፣ በዚያ ለተፈጸመ ግድያና ዘረፋ የትግራይ ተወላጅ የሆኑ ሲቪል ሰዎች ጭምር ተባባሪ ነበሩ ሲል ከሰሰ። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ጽሑፉን አነሳው፣ ኋላ መለሰው፤ የኩባንያውን ውሳኔዎች የሚመረምረው ኦቨርሳይት ቦርድ ግን በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው እርምጃ ትክክል እንደነበረ ወሰነ። ሃይማኖቱና ብሔሩ ተሰባጥሮ በሚኖርበት በወሎ፣ አንድን ወገን በጅምላ የሚከስ ያልተረጋገጠ ወሬ ጎረቤትን ይጎዳል፤ ከዚያም አልፎ እውነተኛውን አቤቱታ ለማፈን ለሚፈልግ ሰው ሰበብ ይሆናል። ድርጊቱን፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፎ፣ ያላዩትን «እንደተነገረኝ» ማለት ይበቃል።

ከለጠፉ በኋላ ወዲያውኑ ቅጂ ማስቀረት ይገባል። ሊንኩን ገልብጠው፣ ቀንና ሰዓቱ የሚታይበት ስክሪንሾት አንስተው፣ ዋናውን ፎቶ ሳይቆርጡና ሳይቀንሱ በፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም የተላከ ፎቶ መቼ እንደተነሳ የሚያሳየውን መረጃ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚያጣ፣ ዋናው ፋይል ምትክ የለውም። አንድ ቅጂ ደግሞ ከሚያምኑት ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ።

«አውርደው» የሚል ስልክ ሲመጣ ድምፅን ሳያነሱ «የትኛው ሕግ ነው? ትእዛዙን በጽሑፍ ይስጡኝ» ማለት ነው። በቃል የሚመጣ ትእዛዝ አቅሙ ባለቤት አልባ መሆኑ ስለሆነ፣ ወረቀት ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ይላላል። የደዋዩን ስም፣ ሰዓቱንና የተባለውን ቃል እንዳለ ይጻፉት። ነገሩ ወደ ዛቻ ወይም ወደ እስር የሚሄድ ከመሰለ ግን አይከራከሩ፤ ሕይወት ይቀድማል፣ ጠበቃና ቤተሰብ ይወቁት።

ጽሑፉን ያነሳው ኩባንያው ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ጽሑፉ መነሳቱን በሚነግርዎት መልእክት ላይ ባለው የይግባኝ ቁልፍ አቤት ይበሉ። ሜታ ካልተቀበለ፣ የመጨረሻ ውሳኔውን ከሰጠበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ፣ የሚሰጠውን የማመልከቻ ቁጥር ይዞ ወደ ኦቨርሳይት ቦርድ መሄድ ይቻላል። ቦርዱ የሚመለከተው ከሚቀርቡለት ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ቢሆንም የቆቦው ጉዳይ ወደዚያ የደረሰው አንድ ሰው ይግባኝ ስላለ ነው።

አንድ ድረ ገጽ ብቻ ከተዘጋ፣ ግንኙነቱን በሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር በኩል የሚያዞረው ቪፒኤን የተባለ መተግበሪያ ሊከፍተው ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል እንደሆነው የሞባይል ኢንተርኔት ከነጭራሹ ሲቋረጥ ግን ቪፒኤን ምንም አይፈይድም፤ የሚጠቅመው ማስታወሻ ደብተር ነው። የተቋረጠበትን ሰዓት፣ መስመሩን፣ ያስቀረውንም ሥራ ይመዝግቡ፦ ከኮምቦልቻ ያልተላከ ደረሰኝ፣ ያልደረሰ የሐኪም መልእክት። መስመሩ ሲመለስ፣ ኦኒ ፕሮብ የተባለው ነጻ መተግበሪያ የትኞቹ ገጾች እንደተዘጉ ይለካል። ውጤቱ ለሁሉም የሚታይ ሆኖ የሚወጣ በመሆኑ፣ ከመጠቀም በፊት አደጋውን ማመዛዘን ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ሲጠራቀም የአቤቱታ መዝገብ ይሆናል። ስክሪንሾቱን፣ የስልክ ጥሪውን ማስታወሻና የአንቀጽ 29ን ቃል በአንድ ፖስታ አድርገው፣ ቀን ጽፈውና ፈርመው ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ያቅርቡ፤ የተቀበለው ሠራተኛ በቅጂው ላይ እንዲፈርምልዎም ይጠይቁ።