የእንግሊዝኛ ማስታወቂያችሁ ጆሮ ላይ እንዲቀር

ሐረር ጁገል ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ደግሞ ካፌ ያላችሁ፦ በእንግሊዝኛ መፈክር ስትጽፉ ፊደሉን ትታችሁ ድምፁን ስሙ፤ ቃላቱ በአንድ ዓይነት ድምፅ ሲነሱ ጆሮ ላይ ይቀራሉ። «ኮፊ» (coffee) እና «ሲቲ» (city) የሚጻፉት በአንድ መነሻ ፊደል ነው፤ ሲነበቡ ግን አንዱ «ክ»፣ ሌላው «ስ» ስለሆነ አይገጥሙም። «ኮፊ» እና «ካይንድ» (kind) ፊደላቸው ቢለያይም ይገጥማሉ።

ለጁገል ቤት «ኦልድ ዎልስ፣ ዋርም ዌልካም» (አሮጌ ግንብ፣ ሞቅ ያለ አቀባበል) ብትሉ አራት ቃል ብቻ ነው፤ ሦስቱ በ«ው» ድምፅ ይነሳሉ፣ የጁገልን ግንብም ያስታውሳሉ። መሀሉ ላይ «ቬሪ» እና «ቢዩቲፉል» ከሰነቀራችሁ ምቱ ይሰበራል።

የታወቀ ፈሊጥ ስትወስዱ ቃሉን አትቀይሩ። «ፒስ ኦፍ ኬክ» ቀላል ነገር ማለት ነው፤ «ስላይስ ኦፍ ኬክ» ካላችሁ እንግዳው ኬኩን ይጠይቃችኋል! «ቡና ጠጡ»ንም «ድሪንክ ኮፊ» ብላችሁ አትተርጉሙት፤ ግብዣነቱ ጠፍቶ ትእዛዝ ይመስላል። «ካም ሲት፣ ኮፊስ ኦን» (ኑ ተቀመጡ፣ ቡናው ተጥዷል) ይሻላል።

ለአንድ ገጽ አንድ መፈክር በቂ ነው። ዋጋና ሰዓት በተራ ቃል ይጻፉ፤ የጅብ ምገባውን ከምሽቱ 1 ሰዓት ለማለት 7 ፒኤም በሉ፣ አለዚያ እንግዳው በቀትር ፀሐይ ይመጣል።