ሳልቬጅ መኪና ልትገዙ ነው? ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ መኪና ስጠግን ብዙ ዓመት ሆነኝ፣ ከወገኖቻችን በየሳምንቱ የሚመጣልኝ ጥያቄም አንድ ነው፣ "ሳልቬጅ ካምሪ ኦክሽን (ጨረታ) ላይ በ5 ሺህ ዶላር አገኘሁ፣ ልግዛው ወይ?" የሚል። የሚያሳዝነኝ ግን ብዙ ጊዜ ጥያቄው የሚመጣው መኪናው ተገዝቶ፣ በቶው ትራክ ተጭኖ ጋራዤ በር ላይ ከተራገፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ደጋግሜ ያየሁትን እጽፍላችኋለሁ። ዘይት ማየት፣ ጎማ ማየት፣ ሞተር አስነስቶ ማዳመጥ ታውቃላችሁ፣ እሱን አልደግምም።

ከመኪናው በፊት ወረቀቱ። ሳልቬጅ ማለት ኢንሹራንሱ "ይሄን ማሰራት አያዋጣኝም" ብሎ ቶታል ያደረገው መኪና ነው። ልኩ በየስቴቱ ይለያያል፣ ሜሪላንድ የማሰሪያው ወጪ ከመኪናው ዋጋ 75 ፐርሰንት ሲያልፍ ነው፣ ፍሎሪዳ 80፣ ቴክሳስ 100። እንግዲህ አስቡት፣ የቴክሳስ ሳልቬጅ ከሆነ ማሰሪያው ከራሱ ከመኪናው ዋጋ በላይ ነው ተብሏል ማለት ነው፣ ፎቶው ላይ ቀላል ቢመስልም ከዛ ተነሱ። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ኖን ሪፔረብል ወይም ሰርተፍኬት ኦፍ ዲስትራክሽን የሚል ካለ ደግሞ በነጻ ቢሰጧችሁም አትንኩት፣ ያ መኪና መንገድ ላይ ተመልሶ አይወጣም፣ ለዕቃ ብቻ ነው። ይሄን ሳያነብ ገዝቶ ሙሉ ቦዲውን ያሰራ ሰው አውቃለሁ፣ ቀለሙ ደርቆ አምሮ ቆሞ ታርጋ ከለከሉት።

ምልክት፦ "መኪናዬ ንጹህ ነው ግን ኡበር አልቀበልም አለኝ"

ይሄ መካኒክ የሚሰራው ብልሽት አይደለም ግን በቁጥር ከሁሉም ይበልጣል። ሳልቬጅ ጠግናችሁ ኢንስፔክሽን ስታሳልፉት ሪቢልት ይባላል እንጂ ተመልሶ ክሊን አይሆንም፣ መኪናው እስኪሞት ድረስ። ኡበርም ሊፍትም ሳልቬጅና ሪቢልት ታይትል አይቀበሉም። መፍትሄ የለውም። ልትሰሩበት ከሆነ አትግዙ፣ አለቀ። "አንድ ሰው ታይትሉን ሌላ ስቴት ወስዶ ያጸዳልኛል" የሚላችሁ ካለ ወንጀል ነው፣ ቪን ቁጥሩ (የመኪናው መለያ ቁጥር) በፌደራሉ የታይትል መዝገብ ውስጥ ስለሚቀመጥ አንድ ቀን ይወጣል፣ ያኔ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

ኢንሹራንስም እንደዛው። ላያብሊቲ (ሌላ ሰው ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት የሚከፍለው) ታገኛላችሁ፣ ፉል ከቨሬጅ (የራሳችሁንም መኪና የሚሸፍነው) ግን ብዙዎቹ አይሰጡም፣ የሚሰጡትም ቢሆን አደጋ ሲደርስ ዋጋውን አውርደው ነው የሚከፍሉት። ከመጫረታችሁ በፊት ቪኑን ይዛችሁ የራሳችሁን ኢንሹራንስ ደውላችሁ ጠይቁ። አምስት ደቂቃ ነው። ድሮ "ካልሆነ አገር ቤት እልከዋለሁ" የሚባል ነገር ነበር፣ ኢትዮጵያ ከ2024 በፈረንጆቹ ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች እሱም በር ተዘግቷል።

ሂሳቡን እኔ እንዲህ ነው የምሰራው። ያው መኪና በክሊን ታይትል 16 ሺህ ቢሸጥ ሪቢልቱን 10 ሺህ ብዬ አስባለሁ፣ ከዛ ላይ የኦክሽን ፊ፣ ቶው፣ ዕቃ፣ ቀለም፣ አላይመንት (የጎማ አቀማመጥ ማስተካከያ)፣ ኢንስፔክሽን እቀንሳለሁ፣ ከዛ ደግሞ ያላየሁት ነገር አለ ብዬ 1,500 ዶላር እቀንሳለሁ፣ የቀረው ነው የመጨረሻ ዋጋዬ። ከዛ በላይ ከሄደ ስልኬን ዘግቼ እተኛለሁ። ገዝታችሁም ቶሎ አንሱት፣ ግቢያቸው ውስጥ በቆመ ቁጥር በቀን ያስከፍላሉ።

ምልክት፦ መሪው ቀጥ ብሎ መኪናው ይጎትታል፣ አዲስ ጎማ በአንድ ጎን ይበላል

ምክንያቱ ሻንሲው ተጣሟል። ካምሪም ኮሮላም ቦዲውና ሻንሲው አንድ ላይ ስለሆነ ፊት ለፊት ተመትቶ ፓራውልትና ፓራፋንጎ ብቻ ከተቀየረ ውስጡ እንደተጣመመ ነው የሚቀረው። ኮፈኑን ከፍታችሁ የሾክ አብዞርበሩን መቀመጫ ዙሪያ እዩ፣ የፋብሪካው ማሸጊያ ጎማ መሰል ነገር ተሰንጥቆ ወይ በብሩሽ እንደገና ተቀብቶ ከሆነ ተጎትቷል ማለት ነው። አላይመንት ቤት ወስዳችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የልኬቱን ወረቀት አስወጡ፣ የኋላው ጎማ ቁጥር ቀይ (ከልኩ የወጣ) ከሆነና ማስተካከያ ከሌለው ተዉት። መሳሪያ ያለው ባትላሜራ ይጎትተዋል፣ ግን በእሳት አሙቆ የሚጎትት ከሆነ ሽሹ፣ የአሁኑ ብረት ከሞቀ ጥንካሬው ይሄዳል፣ ሁለተኛ ሲጋጭ እንደ ቆርቆሮ ነው የሚታጠፈው።

ምልክት፦ ፊቱ ከተሰራ በኋላ የፕሪ ኮሊዥን (የግጭት ማስጠንቀቂያ) መብራት አይጠፋም

ቶዮታ ላይ ራዳሩ ከአርማው ጀርባ ነው ያለው። ርካሹን አርማ ከኢንተርኔት ገዝተው ይለጥፉበታል፣ ራዳሩ በሱ ውስጥ አያይም። ኦሪጅናሉን ግዙ፣ ከዛ ካሊብሬት ይደረግ (በመሳሪያ ልኩ ይስተካከል)። የፊት መስታወትም ከተቀየረ ካሜራው እንደዛው።

ምልክት፦ የኤርባግ መብራት ጭራሽ አይበራም

አይበራም ማለት ጤነኛ ነው ማለት አይደለም! ቁልፍ ኦን ስታደርጉ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ መብራቱን ነቅለውታል፣ ወይም ከሌላ መብራት ጋር አያይዘውታል። ሌላም ዘዴ አለ፣ በኤርባጉ ቦታ ቢጫው ኮኔክተር ላይ ትንሽ ሬዚስተር ይሰካሉ፣ ኮምፒውተሩ ኤርባግ አለ ብሎ ያምናል፣ መብራቱም በስርዓቱ በርቶ ይጠፋል። አንዲት እህታችን ሁለት ልጅ ከኋላ ጭና የምትነዳው መኪና መጣ፣ የመጣችው ለፍሬን ነው፣ የመሪው ክዳን ቀለሙ ከሌላው ትንሽ ስለተለየብኝ ከፈትኩት። ውስጡ ባዶ ነው። ክዳኑ እንዳይንቀሳቀስ ስፖንጅ ቆርጠው ጠቅጥቀውበታል። ለአንድ ዓመት እንደዛ ነድታዋለች። እጄ ላይ ይዤው የምላት ነገር ጠፋኝ።

መፍትሄው፦ ኤርባግ የፈነዳበት መኪና ከሆነ ኤርባጉን፣ ሞጁሉን (የኤርባጉን ኮምፒውተር)፣ የፈነዳውንም ቀበቶ በኦሪጅናል፣ ከዲለር፣ በደረሰኝ ቀይሩ። ዋጋውን ከመጫረታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው ሂሳቡ የሚፈርሰው። ኢንተርኔት ላይ በ100 ዶላር የሚሸጠውን ኤርባግ አትግዙ። የመንገድ ደህንነቱ መስሪያ ቤት ኤን ኤች ቲ ኤስ ኤ በ2024 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል፣ ርካሽ ምትክ የተገጠመባቸው ቀድሞ የተጋጩ መኪኖች ውስጥ ኤርባጉ ሲፈነዳ ብረት ረጭቶ ሰው ገድሏል። ስቴቱ ኢንስፔክት አድርጎታል ብላችሁም አትተማመኑ፣ የሪቢልት ኢንስፔክሽን ዋናው ዓላማው የተሰረቀ ዕቃ እንዳይገጠም ነው፣ ደረሰኝና ቪን ነው የሚያዩት፣ መሪውን ከፍቶ የሚያይላችሁ የለም።

ምልክት፦ ጠዋት ዳሽቦርዱ በሙሉ ይበራል፣ ከሰዓት ይጠፋል

አሁን ዋናው ጋር ደረስን። መስኮቱ ራሱ ይወርዳል፣ ሬዲዮው ይጠፋል፣ ዝናብ በዘነበ ማግስት መኪናው አይነሳም፣ ከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ስካነር ስትሰኩ ከየሞጁሉ 20 እና 30 ኮድ ይወጣል፣ ታጠፉታላችሁ፣ በሳምንቱ ሌላ 30 ይመጣል። ይሄን ካያችሁ ባትሪ አትቀይሩ ሴንሰር አትቀይሩ፣ የጎርፍ መኪና ነው።

በ2017 ሃርቪ ቴክሳስን ሲመታ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መኪና ነው ውሃ የገባው፣ በ2022 ኢያን ፍሎሪዳን፣ በ2024 ደግሞ ሄሊን። እነዚህ መኪኖች በየቦታው ይበተናሉ፣ ታይትላቸው ላይ ሁልጊዜ ፍለድ (ጎርፍ) ብሎ አይጻፍም፣ አንዳንዱ ሳልቬጅ ብቻ ነው የሚለው፣ እና ገዢው "ምን አላት፣ ትንሽ ተጋጭታ ነው" ይላል።

አንድ ልጅ የ2019 ካምሪ ሃይብሪድ ይዞ መጣ። ሁለት ወር ያለ ችግር ነድቶታል፣ ከዛ መብራቱ ጀመረው። ሌላ ቦታ የ12 ቮልቱን ባትሪ ቀይረውለታል፣ ሌላው ደግሞ የፍሬኑን አክቹዌተር ቀይር ብሎ ብዙ ሺህ ጠይቆታል። ገብቼ ስቀመጥ መስታወቱ ላይ ሦስት የሽቶ ካርድ ተንጠልጥሏል። "ይሄ ሁሉ ሽቶ ለምንድነው?" አልኩት። "ጋሼ እኔ አይደለሁም፣ ስገዛውም ነበረ" አለኝ። ቀበቶውን መጨረሻው ድረስ ጎተትኩት፣ ሁሌ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ጫፉ ላይ ቡናማ መስመር አለ፣ ልክ ጠላ ፈሶ የደረቀበት ጨርቅ። የመቀመጫውን ብሎን አየሁ፣ ጭንቅላቱ ላይ አዲስ የቁልፍ ጭረት፣ ከስሩ ዝገት። መቀመጫው ወጥቶ ነበር ማለት ነው። የበሩን ስር ፕላስቲክ ነቅዬ ምንጣፉን በአውራ ጣቴ ስጫነው ከስር ካለው ስፖንጅ ውሃ ወጣ። ከስንት ወር በኋላ! ከላይ ደርቋል፣ ታጥቧል፣ ከስር እንደ ረግረግ ነው፣ አሸዋም አለው።

የመሃሉን ኮንሶል ስንነቅል የኤርባግ ሞጁሉ እዛው ወለሉ ላይ ነው ያለው፣ ቢጫው ኮኔክተር ውስጥ አረንጓዴ ዱቄት ሞልቷል፣ አንዷን ፒን ነካ ሳደርጋት ተሰብራ እጄ ላይ ቀረች። "ኮኔክተሩን ብቻ ብንቀይረውስ ጋሼ?" አለኝ ልጁ። ሽቦውን ከኮኔክተሩ አንድ ስንዝር ወደ ላይ ሄጄ ላጥኩለት፣ መዳቡ ጥቁር ነው። ጨው ያለበት ውሃ በሽቦው ሽፋን ውስጥ እንደ ፋኖስ ክር እየተሳበ ይወጣል፣ ስለዚህ ዛሬ ያጸዳችሁት ቦታ ደህና ቢሆን ከሱ በላይ ያለው እየተበላ ነው። ለዛ ነው መኪናው ሲሸጥ የሚሰራው፣ ከወር ከሁለት ወር በኋላ የሚጀምረው። ሻጩም ይሄን ያውቃል።

ሃይብሪድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከ2018 ጀምሮ ያለው ካምሪ ሃይብሪድ ትልቁ ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ስር ነው፣ ውሃ ወለሉን ሞልቶ ትንሽ ከፍ ካለ ደረሰበት። ብርቱካናማውን ኬብል ያልተማረ ሰው እንዳይነካ፣ ይገድላል። ጨው ውሃ የገባው ኤሌክትሪክ ወይም ሃይብሪድ ጋራዥ ውስጥ አታሳድሩ፣ ከቤታችሁ ግድግዳም አርቁ፣ ከኢያን በኋላ ፍሎሪዳ ውስጥ ኤሌክትሪክ መኪኖች ውሃው ከሄደ በኋላ ነው ቆመው የተቃጠሉት።

ታዲያ ጭራሽ አይሰራም ወይ? አንዳንዱ ይሰራል። ንጹህ የዝናብ ውሃ ከሆነ፣ ከመቀመጫው በታች ከሆነ፣ እና በቀናት ውስጥ ከተደረሰበት። የጎረቤቴን ኮሮላ በማግስቱ ጀምረን አድነናል። መጀመሪያ ባትሪውን ፍቱ። ሞተሩን እንዳታስነሱ! ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ካለ ፒስቶኑ ውሃውን መጭመቅ ስለማይችል ቢየላው (ፒስቶኑን የሚይዘው ዘንግ) ይታጠፋል፣ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ በእጅ አዙሩት። የካምቢዮ ዘይቱን እዩ፣ እንደ እንጆሪ ወተት ከሆነ ውሃ ገብቷል፣ ካምቢዮውም ብዙ አይቆይም። መቀመጫ፣ ኮንሶል፣ ምንጣፍ ሁሉም ይውጣ፣ የምንጣፉን ስር ስፖንጅ ጣሉት፣ እሱን ለማድረቅ አትድከሙ። ኮኔክተሮቹን አንድ በአንድ ፈታችሁ በኮንታክት ክሊነር እጠቡ። ውሃ የነካው የኤርባግ ሞጁል ይቀየራል፣ በማጽዳት አይሆንም። ይሄ ሁሉ ለራሳችሁ መኪና ነው፣ ኦክሽን ላይ ያለው ግን ሳምንታት ቆሟል፣ ጊዜው አልፎበታል። ኦክሽኑ "ረን ኤንድ ድራይቭ" ብሎ ቢጽፍ ግቢያቸው ሲገባ ተነስቶ ወደፊት ተንቀሳቅሷል ማለት ብቻ ነው።

የገና መብራት የሚመስል ዳሽቦርድ ሁሉ ግን ጎርፍ አይደለም፣ አይጥ ሽቦ በልታ ያየሁበት አንድ ሁለት ጊዜ አለ። የተሰረቀ ተገኝቶ ሳልቬጅ የሆነ፣ የበረዶ ጠጠር ጣሪያውንና ኮፈኑን የቀጠቀጠው፣ ኤርባግ ያልፈነዳበት የበር ግጭት፣ እነዚህን እኔ ራሴ እገዛለሁ። የተጋጨ መኪና ጉዳቱ ይታያል፣ ይለካል፣ ዋጋ ይወጣለታል። ውሃ የገባበት አይለካም።

ልጁ መጨረሻ ላይ መኪናውን ለዕቃ ሸጠው፣ ፍለድ መሆኑን በጽሁፍ ገልጾ፣ ያወጣውን ሲሶ አገኘ። እናንተም ገዝታችሁ ከሆነ ይሄው ነው መንገዱ፣ በሮቹ፣ መስታወቱ፣ የኋላ መብራቱ፣ ቸርኬው ይሸጣል። ዋየሪንጉን፣ ሞጁሎቹን፣ ቀበቶውንና ኤርባጉን ግን ለማንም አትሽጡ፣ ለወንድማችሁም በነጻ አትስጡ።