የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ከየት ጀምሮ ይነበባል?

በቴሌግራም የሚዞረውን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ ተዉት። አዋጁ የታተመበትን ሙሉውን ነጋሪት ጋዜጣ (የመንግሥትን የሕግ ጋዜጣ) አራት ኪሎ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ግዙ። ግራው ዓምድ አማርኛ ነው፤ ከእንግሊዝኛው ጋር ከተጋጨ የሚጸናው እሱ ነው። ከጎኑ ሕገ መንግሥቱን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን በሚመለከተው አንቀጽ 93 ላይ ክፈቱ።

መጀመሪያ ቀኑን አስሉ። በእኛ አገር የሚያውጀው ፕሬዚዳንቱ ሳይሆን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት፣ እረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ ወዲያው ይሻራል። ምክር ቤቱ የሚሠራው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ የክረምት አዋጅ ሰፊ ጊዜ ያገኛል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የጸደቀው ነሐሴ 8 ነበር፤ አሥር ቀን ሙሉ ያለ ምክር ቤቱ ድምፅ ሠርቷል፣ ያውም በሕጉ መሠረት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዕድሜው ላይ ነው። «ስድስት ወር» የመጀመሪያው ዙር ጣሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ከዚያ በኋላ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየአራት ወሩ ሊያድሰው ይችላል፤ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ግን ገደብ አልተቀመጠለትም። ያው የ2015ቱ አዋጅ ጥር 24 ቀን 2016 ለአራት ወር ተራዝሟል። ስለዚህ አምስተኛው ወር ሲያልቅ የምክር ቤቱን አጀንዳ ተከታተሉ።

ቀጥሎ በአስቸኳይ ጊዜም የማይነኩትን የሕገ መንግሥቱን አንቀጾች እዩ፦ 1 (የአገሪቱ መንግሥት ስያሜ)፣ 18፣ 25 (እኩልነት)፣ እና 39 ንዑስ 1ና 2 (የብሔሮች የራስን ዕድል በራስ የመወሰንና የቋንቋና ባህል መብት)። ኢሰብአዊ አያያዝ የተከለከለው በ18 ነውና በምንም አዋጅ አይፈቀድም። የሕይወት መብት፣ አንቀጽ 15፣ ከዝርዝሩ ውጭ መቅረቱ ግን የሚያስደነግጥ ክፍተት ነው። እዚህ ላይ ኢትዮጵያ የተቀበለችውን ዓለም አቀፍ የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 4 ጥቀሱ፤ የሕይወትን መብት በአስቸኳይ ጊዜም አያስነካም።

አሁን እርሳስ ያዙና አዋጁ ውስጥ «መመሪያ ማውጣት ይችላል» የሚለው ላይ ሁሉ አስምሩ። የሰዓት እላፊውም፣ የስብሰባ ክልከላውም የሚወርደው በዚያ በር ነው። ማን እንደሚያወጣውና የት እንደሚታተም ካልተጻፈ ነገ በቃል የሚነገራችሁን ትዕዛዝ ከምንም ጋር ማመሳከር አትችሉም።

የታሰረባችሁ ሰው ካለ የተያዘበትን ቀንና ቦታ ዛሬውኑ ጻፉ። የተወካዮች ምክር ቤት የሚያቋቁመው፣ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ የታሳሪዎችን ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። ወሩ አልፎ ስሙ ካልወጣ ለቦርዱ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቅጂው ላይም የተቀባዩን ፊርማና ቀን አስፍሩ።